አሥር ሳንቲም ምን ይገዛል

በአንድ ደብር ደጃፍ ለምጽዋት የሚሆን ሳንቲም የምትመነዝር አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። አንድ ብር ተቀብላ ዘጠኝ ባለ አሥር ሳንቲም ትሰጣለች፤ አሥረኛዋ የድካሟ ዋጋ ናት። ሦስት ፎቅ ያላቸው አቶ ሽብሩ በየእሑዱ አንድ ብር መንዝረው ለነዳያን ያድሉ ነበር። አንድ ቀን ግን ያቺ አሥረኛዋ አንገበገበቻቸውና በሰው ፊት አፋጠጧት።

«ለመሆኑ አሥር ሳንቲም ዛሬ ምን ይገዛል? የሚገዛው ካለ የወሰድሽብኝን መልሺ። ከሌለም የማይረባ ነገር ሸጠሽልኛልና ብሬን መልሺ።»

ሴትዮዋ መቀነቷን አጠበቀች።

«ጌታዬ፣ በምድርስ ምንም አይገዛም። ግን እርስዎ በየሳምንቱ ዘጠኙን ይዘው መንግሥተ ሰማያትን ሊገዙ ሲገቡ ሳይ፣ እኔም በአንዷ ከአጥሩ ጥግ ትንሽ ቦታ ባገኝ ብዬ ነው።»