የአክስቴ የትርንጎ አንድ እንቅብ ጎመን

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ሰሚ ይባረክ፣ ተናጋሪም አይሳት።

ሚዛን ወደ ሰፈራችን አዲስ የገባ ጊዜ ነው። ያሳደገችን አክስቴ ትርንጎ ታማ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ሐኪሙም፣ "ባዶ ሆድ መድኃኒቱን አይችለውም" ብሎናል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ "ጎመን ቢሆን እቀምስ ነበር" አለችኝ። ተመስገን ብዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

እህቴ ደብሪቱ ድስቱን አቅፋ፣ "እኔ የማውቀው የእናታችንን ልክ ነው። ዘይቱም፣ ጨዉም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ለአንድ እንቅብ ጎመን ነው። እንቅቡን ሞልተህ ካላመጣህ አልጥድም" አለች።

አክስቴ ያለ ጎመን አትበላም፤ እህቴ ያለ እንቅብ አትጥድም።

እንቅቡን ይዤ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል እንጂ ያኔ አገሩ ሁሉ ጎመን ነበር። አትክልተኛው ጓንጉል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከመደቡ መሃል ቀና አለ።

"አያ ጓንጉል፣ አንድ እንቅብ ጎመን ቀንጥስልኝ።"

"እንቅብ ድሮ ቀረ! አንዱ እየጠቀጠቀ፣ አንዱ እየከመረ አስለቀሰኝ። ስንት ኪሎ?"

"እኔ ኪሎ የት አውቃለሁ?"

"እንግዲያው አልቀነጥስም።"

አክስቴ ያለ ጎመን አትበላም፤ እህቴ ያለ እንቅብ አትጥድም፤ ጓንጉል ያለ ኪሎ አይቀነጥስም።

አቀበቱን ወጣሁ። በሰፈሩ ሚዛን ያላት ባለሱቋ አምሳለ ብቻ ነበረች።

"እትዬ አምሳለ፣ አንድ እንቅብ ጎመን ስንት ኪሎ ነው?"

"ጎመኑስ?"

"የለም።"

"ታዲያ ነፋስ ልመዝንልህ? ጎመኑን ካላየሁ አልመዝንም።"

አክስቴ ያለ ጎመን አትበላም፤ እህቴ ያለ እንቅብ አትጥድም፤ ጓንጉል ያለ ኪሎ አይቀነጥስም፤ አምሳለ ያለ ጎመን አትመዝንም።

"አምላኬ፣ አንተው ፍታው" አልኩ። አምሳለ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ "ና እስቲ፤ እንቅብ እንደሆነ እንቅብ ነው" ብላ ገብስ ሞልታ መዘነችው። ስምንት ኪሎ! እየሮጥኩ ወረድኩ።

"ስምንት ኪሎ ጎመን?" ጓንጉል ጮኸ። "ሰርግ አለብህ? መደቤን ልትላጨው ነው? አይሆንም!"

መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩለት፦ "አክስቴ ትርንጎ ያለ ጎመን አትበላም፤ እህቴ ያለ እንቅብ አትጥድም፤ አንተ ያለ ኪሎ አትቀነጥስም፤ አምሳለ ያለ ጎመን አትመዝንም፤ ገብሷም አባሰብኝ!"

"ቆይ፣ ቆይ። የታመመችው ትርንጎ ናት?"

"እሷ ናት።"

"አንተ ሰው! ኪሎውን ትተህ እሷን አትነግረኝም ነበር?"

ጓንጉል ያለ ኪሎ ቀነጠሰ፤ ሳይጠቀጥቅ እንቅቡን ሞላ። አምሳለ ጎመኑን አይታ መዘነች፤ ኪሎ ከሩብ! "ለካ ቅጠል ሲያዩት ነው የሚበዛው" ብላ በሳቅ ሞተች። እህቴ እንቅቡን አይታ ጣደች። ጎመኑ ሟሸሸ፣ ሟሸሸ፣ አንድ ሳህን አከለ።

አክስቴ አንዴ ጎረሰች። እኛም ትንፋሻችንን ዋጥን። ደገመች። ሳህኑንም ጨረሰችና ወደ ጓዳው ዞራ፣

"ደብሪቱ፣ ድስቱ ሥር የቀረውን ለማን ደበቅሽው?" አለች።

እኔም ተረቴን ከእሳት አወረድኩ፤ ለሰማችሁኝ ጤና ይስጣችሁ።