የመብራት ልጅ ነኝ ያለው ሽቦ

ይህን ተረት ያቀበለችኝ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው እትዬ ደብሪቱ ናት፤ እሷም ከአማቴ ሰማሁ ትላለች። እኔ የጨመርኩበት የለም፤ ብጨምርም ጨው ያህል ነው። ጠጋ በሉና ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ ዶሮ በምትናገርበት፣ ሽቦ በሚዋሽበት ዘመን፣ ወይዘሮ አመለወርቅ የሚሏት ሴት አንድ የጭቃ ቤት ገዛች። ከጣሪያው ሥር አንድ ወፍራም ጥቁር ሽቦ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። ወዲያኛው ጫፉ አጥር ተሻግሮ ወደ ታች ይሄዳል፤ የት እንደሚያበቃ ያየ የለም።

«ባለቤት ያለው ነገር አይነካም» ብላ ተወችው።

ከዚያው ግድግዳ ሥር አንዲት ገብስማ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ነበር። የታቀፈች ዶሮ ሥራዋ መቀመጥ ነው፤ ዓይኗና ጆሮዋ ግን አይቀመጡም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ሽቦውን ይዞ እየወረደ፣ ጠብ ጠብ እያለ ግድግዳው ውስጥ ሲገባ አየች። ጭቃው አበጠ፤ አበጠና ወደ እሷ አዘነበለ። ብትነሳ እንቁላሉ ይበርዳል፤ ብትቀመጥ ግድግዳው ይናድባታል።

«የልጆቼ አባት፣ እስቲ ያንን ሽቦ የማን ነህ በለው» አለችው አውራ ዶሮውን።

አውራ ዶሮው ደረቱን ነፍቶ አጥር ላይ ወጣ። «አንተ ሽቦ! የማን ነህ?»

«የመብራት ልጅ ነኝ። ብትነካኝ ላባህ አይተርፍም!»

አውራ ዶሮው ዘሎ ወረደ። «ተይው እመቤቴ፣ የትልቅ ሰው ልጅ ነው።»

ቀጥሎ ድመት ሄደች። «ጌታው፣ የማን ነዎት?»

«የስልክ አማች ነኝ። የአገሩ ወሬ በእኔ ነው የሚያልፈው። የዚያን ቀን የላስሽውን ቅቤ ልናገር?»

ድመት ጭራዋን ወሽቃ ተመለሰች።

በመጨረሻ ግድግዳው ውስጥ የሚኖረው አይጥ ጥርሱን አሾለና፣ «የማን ነህ? ልቆርጥህ ነው!» አለ።

«የምሰሶው ወንድም ነኝ። ቤቱን አቅፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ብትቆርጠኝ ባናትህ ላይ ነው የሚወርደው!»

አይጥ አፉን ገጠመ። ገብስማ ግን ሁሉንም ሰምታለች።

«ቆይ ቆይ፣ አንተ ሰውዬ! ጠዋት የመብራት ልጅ፣ ቀትር ላይ የስልክ አማች፣ አሁን ደግሞ የምሰሶ ወንድም! በአንድ ቀን ስንት ዘመድ ታፈራለህ?»



«እንግዲያ ልቁረጠው!» አለ አይጥ።

«አይሆንም! ውሸታምም አንዳንዴ እውነት ያመልጠዋል። የመብራት ልጅ ቢሆንስ? ሄደን ጫፉን እንይ። እማማ እስስት፣ እርስዎ አይቸኩሉም፤ ሽቦውን ሳይነኩ አጥር አጥሩን ይሂዱልኝ።»

እስስት አንድ ዓይኗን ወደ ሽቦው፣ አንድ ዓይኗን ወደ መንገዷ አድርጋ ሄደች። ሰማዩ ጠቆረ። ግድግዳው ተሰነጠቀ። ገብስማ ክንፏን በእንቁላሎቿ ላይ ዘረጋች። እስስት እንደ ምንም ተመለሰች።

«እማማ፣ መብራት አለ? ስልክ አለ?»

«ፍየል አለች» አለች እስስት።

«ምን ያለች ፍየል?»

«ጫፉ ቁጥቋጦ ውስጥ ወድቋል። የታች ቤቶቹ ፍየል አስረውበታል፤ እያኘከችው ነው። ምንም አልሆነች።»

ገብስማ ወደ አይጥ ዞረች። «የውስጡስ ጫፍ?»

አይጥ ገባና እየሳቀ ወጣ። «አንዲት የዛገች ሚስማር ላይ ነው የተንጠለጠለው! እሱ ቤቱን አልያዘም፤ ቤቱ ነው እሱን የያዘው።»

«አንተ እዚያው እየኖርክ አላየኸውም?»

«የትልቅ ሰው ዘመድ መስሎኝ ቀና ብዬ አላየሁትማ!»

ያኔ ሽቦው ቀስ ብሎ፣ «የማንም አይደለሁም። የማንም አይደለሁም ብል ትጥሉኛላችሁ ብዬ ነው» አለ።

አይጥ ቀረጠፈው። ሽቦው ዘፍ ብሎ ወደቀ፤ ዝናቡም ውጭ ቀረ። ወይዘሮ አመለወርቅ ድምፁን ሰምታ ወጣች። «ወይ ጉድ! ባለቤት የለውም ኖሯል?»

ለዚህ ነው እትዬ ደብሪቱ «ዘመድ አለኝ ላለህ ከመስገድህ በፊት፣ ሄደህ ጫፉን እይለት» የምትለው።

ግድግዳው ደረቀ። እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። አውራ ዶሮው ለመስቀል ታረደ። አይጡን ድመት በላችው። እስስት ወደ ቤቷ ገና እየሄደች ነው። ሽቦው በሁለት እንጨት መሀል ተወጥሮ ልብስ ይሰጣበታል፤ የማን ነህ ሲሉት፣ «የወይዘሮ አመለወርቅ» ይላል።