ያልጮኸው የደምለው ስልክ

«ልጄ፣ ስምህን እንደ ጫማ በር ላይ አውልቀህ አትግባ፤ ሌላው አጥልቆት ይሄዳል» ይሉ ነበር የደምለው አባት። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ጫማቸው ከጠፋባቸው ቀን ጀምሮ ይቺን ቃል ሳይደግሟት ውለው አያውቁም። ደምለው በልቡ ይስቅ ነበር። እስኪ አሁን ይሳቅ!

ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ሥራ ያለው ይሂድ፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

ደምለው በዋርካ ሜዳ የገበሬዎች ማኅበር የዘር መጋዘን ኃላፊ ነው። ጠዋት ኪዳን ያደርሳል፣ ከዚያ መጋዘኑን ይከፍታል። ስልክ ቁጥሩ በመጋዘኑ በር ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል፤ ዘር የፈለገ ሁሉ ይደውላል። ድሮ ዘር የሚወጣው በእሱ ቁልፍ ነበር። ከወር ወዲህ በኮምፒውተር ሆኗል። ዘር የሚያዝ የማኅበሩ ሠራተኛ የትም ሆኖ ስሙን ይጽፋል፣ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል፤ ከዚያ ስልኩ ጮኾ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይመጣለታል፤ ቁጥሩን ሲያስገባ ይከፈትለታል። ይህን በር የሚጠብቀው ፋየርዎል የሚሉት ጥቁር ሣጥን ነው። ደምለው ኬላ ይለዋል፤ እኛም ኬላ እንበለው።

አንድ ቅዳሜ፣ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው በደምለው ስም ኬላውን አልፎ ገባ። «ዘሩ ይውጣ» ብሎ አዘዘ። የማኅበሩ የሌላ ቅርንጫፍ መጋዘን ዘበኛ በትእዛዙ ላይ የደምለውን ስም አየ፣ አንድ መኪና ሙሉ የበቆሎ ዘር ጭኖ ሰደደ። መኪናው የት እንደገባ አምላክ ይወቀው። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል። ገበሬው ባዶ ጆንያ ይዞ መጣ፣ ባዶ ጆንያ ይዞ ተመለሰ። ሲመለስም «ያ ሌባ ደምለው» እያለ ነው።

«ስልኬ አልጮኸም እኮ!» አለ ደምለው። «ቁጥር ሳይመጣልኝ በምን ገባሁ?»

«መጥቶልህ አጥፍተኸው ነው» አሉት የማኅበሩ ኮሚቴ አባላት። ዓርብ ተሰብስበው ሊያባርሩት ቀጠሩ።

ደምለው ብዙ አልፈለገም። የፈለገው አንዲት ነገር ናት፤ በስሙ የሚገባ ሁሉ ስልኩን ሳያስጮህ እንዳያልፍ። ስልኩ ሳይጮህ የሚታለፍበት ቀዳዳ ከተገኘ ስሙ ይመለስለታል፤ ካልተገኘ ሌባ እንደተባለ ይቀራል።

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «አንተ ስልክ፣ ቅዳሜ ለምን አልጮህክም?»

«ላኪው ሳይልክልኝ ምን ብዬ ልጩህ?» አለ ስልኩ። «ብቻዬን የምጮህ እብድ መሰልኩህ?»

ስልኩ አይጮህ፤ የደምለው ስም በር ላይ ቀረ።

ደምለው ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ሄደ። ቁጥር ላኪው ማሽን ጥግ ይዞ ያንኮራፋል።

«አንተ ላኪ፣ ለስልኬ ቁጥር ለምን አልላክህም?»

«ኬላው ሳይጠይቀኝ?» አለ ላኪው። «ያልጠየቁኝን ለሰው የማደርስ ሐሜተኛ ነኝ እንዴ? ሂድና እሱን አናግረው።»

ላኪው አይልክ፣ ስልኩ አይጮህ፤ የደምለው ስም በር ላይ ቀረ።

ኬላው ከላይ መደርደሪያው ላይ ጉብ ብሏል። አረንጓዴ መብራቱን እንደ ሹም ሽልማት ደርድሮ ቁልቁል ያያል።

«አንተ ኬላ፣ ቅዳሜ በስሜ የገባውን ሰው ቁጥር ለምን አልጠየቅኸውም?»

«በስምህ የመጣ ሰው አላየሁም» አለ ኬላው። «ደምለው ሲመጣ ቁጥር እጠይቃለሁ። ቅዳሜ የመጣው እኔ የማላውቀው ሰው ነው። የማላውቀውን ወደ አሮጌው የሠራተኞች መዝገብ እመራዋለሁ። መዝገቡ የይለፍ ቃል ብቻ ጠይቆ አስገባው።»

«የሚያውቀውን የሚፈትሽ፣ የማያውቀውን የሚያሳልፍ ኬላ የት አገር ነው ያለው?»

«እዚህ የተከለችኝ ትርሲት ናት፤ እሷ ካልነካችኝ አልለወጥም» አለና መብራቱን ብልጭ አደረገበት።

ኬላው አይጠይቅ፣ ላኪው አይልክ፣ ስልኩ አይጮህ፤ የደምለው ስም በር ላይ ቀረ።

ትርሲት የማኅበሩ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ፣ እጇ ላይ ቆሎ።

«ትርሲትዬ፣ እባክሽ ያንን ኬላ ክፈቺና እዪልኝ። ሰው ያለ ቁጥር እያሳለፈ ነው።»

«ጋሽ ደምለው ደግሞ! ሰኞ ዕለት በእርስዎ ስም ራሴ ሞክሬው ስልክዎ ጮኾ የለ? ኬላው ጤነኛ ነው።»

«ላንቺ ከጮኸ ለሌባው ለምን አልጮኸም?»

«እሱን እንግዲህ…» አለችና ቆሎዋን ዘገነች። «ያለ አቶ ግዛቸው ትእዛዝ ኬላውን አልነካም። ስነካካው ኢንተርኔቱ ቢቆም ማን ሊጠየቅልኝ ነው?»

የጌታ ያለህ! ሌባ ሲመላለስበት ያልቆመ ነገር፣ ባለሙያ ስታየው ይቆማል።

ትርሲት አትነካ፣ ኬላው አይጠይቅ፣ ላኪው አይልክ፣ ስልኩ አይጮህ፤ የደምለው ስም በር ላይ ቀረ።

አቶ ግዛቸው የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ወንበራቸው ከሰው ሁሉ ወንበር ከፍ ያለ ነው፤ እግራቸው መሬት ስለማይደርስ ከሥር ካርቶን አስቀምጠዋል።

«ጌታዬ፣ ትርሲት ኬላውን እንድታይ ቢያዙልኝ።»

«አንተ ዘሩን አምጣ እንጂ በኬላው ምን አገባህ?» አሉ። «ኬላውን የሸጠልን ሰው ዋስትና ሰጥቶናል። ሻጩ ጥፋት አለበት ካላለ ጥፋት የለበትም። እኔ አላዝም!»

አቶ ግዛቸው አያዙ፣ ትርሲት አትነካ፣ ኬላው አይጠይቅ፣ ላኪው አይልክ፣ ስልኩ አይጮህ፤ የደምለው ስም በር ላይ ቀረ።

ሻጩ አዲስ አበባ ነው። ደምለው ደወለ።

«አባቴ፣ የእኛ ዕቃ አይታለፍም» አለ ሻጩ ገና ሳይጨርስለት።

«ታልፏል እኮ ልጄ።»

«አይታለፍም እያልኩዎት!»

«ዘሩ በእግሩ ሄደ ታዲያ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። ሥራ አስኪያጅዎ በዓይናቸው አይተው ካልነገሩኝ አላምንም» ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ደምለው ተመልሶ ለአቶ ግዛቸው ነገራቸው። «እኔ? እኔ ቁጭ ብዬ ኬላ የማይ ሰው ነኝ?» ብለው በሩን አሳዩት።

አቶ ግዛቸው አያዩ፣ ሻጩ አያምን። ሻጩ ካላመነ አቶ ግዛቸው አያዙ፣ ትርሲት አትነካ፣ ኬላው አይጠይቅ፣ ላኪው አይልክ፣ ስልኩ አይጮህ፤ የደምለው ስም በር ላይ ቀረ። ይህን ሁሉ ዙረው ዙረው የሚመለሱት እዚያው ከፍ ያለው ወንበር ሥር ነው። ሥልጣን ሲከፋፈሉ የሚሻሙ ሰዎች፣ ጥፋት ሲመጣ ግን «ቅድሚያ ለአንተ» የሚባባሉ ጨዋዎች ይሆናሉ።

ደምለው ዓርብ ጠዋት ኪዳን አደረሰና የቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ቆመ። «ጌታዬ ሆይ» አለ፣ «እኔ ብልሃት የለኝም። እነሱ በሚኮሩበት ነገር አንተ አሳያቸው።» ሌላ አልጨመረም። አማተበና ወደ ስብሰባው ሄደ።

ኮሚቴው ተቀምጧል። አቶ ግዛቸው መሐል ናቸው።

«ይህ ሰው ኬላው አይሠራም ብሎ ስማችንን ያጠፋል» አሉ። «ዛሬ በፊታችሁ አሳፍረዋለሁ። ትርሲት፣ ኮምፒውተሩን አምጪ! አንተ፣ ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አድርግ፤ ድምፁን ክፈት። ስምህን እኔ እጽፋለሁ፣ የይለፍ ቃልህን አንተ ትጽፋለህ። ስልክህ ሲጮህ ያን ጊዜ ምን እንደምትል አያለሁ!»

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ንጉሡንም ሎሌውንም በአንድ ቁመት ይጽፋል። የፈረንጁ ፊደል ግን ትልቅም ትንሽም አለው። አቶ ግዛቸውም በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ሁሉንም በትልቁ ነው። ስማቸውን፣ የቢሯቸውን በር፣ የልጃቸውን የልደት ኬክ ሳይቀር። «ትንሹ ፊደል ለተላላኪ ነው» ይላሉ።

እናም በሌባ ጣታቸው እየቀጠቀጡ የደምለውን ስም በእንግሊዝኛ በትልቅ በትልቁ ጻፉት። ደምለው የይለፍ ቃሉን ጻፈ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ኮምፒውተሩ።

ስልኩ ዝም። ሰው ሁሉ ስልኩን አየ። ስልኩ ዝም።

«ቁጥሩስ?» አሉ ከኮሚቴው አንዱ።

«ስልኩን ዘግቶት ነው!» አሉ አቶ ግዛቸው።

የኮሚቴው ሰው ከራሳቸው ስልክ ወደ ደምለው ደወሉ። ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ጮኸ። «ክፍት ነው» አሉና ዘጉት።

ትርሲት ጠጋ ብላ አየች። ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አወረደች።

«አቶ ግዛቸው… ስሙን በትልቅ ፊደል ነው የጻፉት?»

«በምን ልጻፈው ታዲያ?»

«ኬላው ላይ የተመዘገበው በትንሹ ነው። እኔም ሰኞ የሞከርኩት በትንሹ ነበር።» ፊቷ ቀላ። «በጸሎቱ ጸ እና በፀሐዩ ፀ የተጻፈ ስም ለእኛ አንድ ሰው ነው። ለኬላው ግን ሁለት ሰው ነው። በትልቅ የተጻፈውን ደምለው አላውቀውም ብሎ ወደ አሮጌው መዝገብ ይመራዋል። መዝገቡ ደግሞ ትልቅ ትንሽ አይለይም፤ የይለፍ ቃል ብቻ ይጠይቃል።»

«የይለፍ ቃሉንስ ሌባው ከየት አመጣው?» አሉ ከኮሚቴው ሌላው።

«በኮምፒውተር ሥልጠናው ቀን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ተሰጥቶን የለ?» አለ ደምለው። «ቀይሩ ያለን አልነበረም። የመረጡልን አቶ ግዛቸው ናቸው።»

«እሺ፣ እሺ!» አሉ አቶ ግዛቸው። «ይህ የደምለው ስም ጣጣ ነው።»

«የሁላችንም ስም የተመዘገበው በትንሹ ነው» አለች ትርሲት። «የእርስዎም።»

«የእኔም?» አቶ ግዛቸው ከወንበሩ ወረዱ። «ለዚህ ነው እንዴ ለእኔ ቁጥር መጥቶልኝ የማያውቀው? እኔ እኮ… ለሥራ አስኪያጅ አይጠየቅም ብዬ ነው!»

ከኮሚቴው የሳቀ ሰው የለም፤ ሁሉም ጉንጩን ነፍቶ ወደ ጣሪያው አየ። ወር ሙሉ ሳይፈተሽ ሲያልፍ የከረመ ሰው፣ አክብረውኝ ነው ብሎ ሲኮራ ከርሟል! ሌባውንም ያከበሩት እንደዚሁ ነው።

እሳት ተነሣ። የደምለው ስም በር ላይ ሲወድቅ ያልተንቀሳቀሰው ወንበር፣ የራሱ ስም ሲነካ ዘለለ። አቶ ግዛቸው ለሻጩ ደወሉ።

«አየሁት! በዓይኔ አየሁት! በትልቅ ፊደል ሲጻፍ ያሳልፋል!»

«ኧረ እሱማ የታወቀ ነገር ነው» አለ ሻጩ። «ኬላው ቅንብር ውስጥ ያለች አንድ ምልክት ማንሳት ብቻ ነው።»

«ታውቅ ኖሯል?»

«እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረማ!»

አቶ ግዛቸው አዩ፣ ሻጩ አመነ። ሻጩ ቢያምን አቶ ግዛቸው አዘዙ። አቶ ግዛቸው ቢያዙ ትርሲት ነካች፤ ትልቁንም ትንሹንም ስም አንድ አደረገች፣ ወደ አሮጌው መዝገብ የሚወስደውን መንገድ ዘጋች። ኢንተርኔቱም አልቆመ፣ ሰማዩም አልወደቀ።

«የይለፍ ቃሉን ከምሳ በኋላ ሁላችሁንም አስቀይራለሁ» አለች። «አሁን እንሞክረው። አቶ ግዛቸው፣ ቅድም እንደጻፉት ይጻፉልኝ።»

አቶ ግዛቸው ሌባ ጣታቸውን አነሡ። ጣታቸው ገና አየር ላይ ነው። የትርሲት እጅ ጉልበቷ ላይ ነው። የደምለው እጅ ደረቱ ላይ ነው። ማንም ምንም አልነካም።

ኬላው ጠየቀ። ላኪው ላከ። ስልኩ ጮኸ!

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ስልኩ ላይ ስድስት አሃዝ ቁጥር ተደርድሯል።

«ማን ነው የገባው?» አሉ አቶ ግዛቸው በሹክሹክታ።

«አልገባም» አለች ትርሲት። «ኬላው ላይ ቆሟል። ቁጥሩን እየጠበቀ ነው።»

ደምለው «ተመስገን» ሳይል ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ጥሪ ነው፤ የማይታወቅ ቁጥር። ትርሲት ድምፁን ለሁሉ እንዲሰማ አደረገችለት።

«አቤት» አለ ደምለው፣ «የዋርካ ሜዳ ዘር መጋዘን።»

ሰምቶት የማያውቅ፣ ደስ የሚል፣ ትሑት የጎልማሳ ድምፅ መለሰለት፦

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ፤ ቁጥርዎን ከመጋዘኑ በር ላይ አግኝቼው ነው። አሁን ስልክዎ ላይ ስድስት አሃዝ ቁጥር ገብቷል አይደል? እስኪ አንዴ ያንብቡልኝማ፣ መኪናው ቆሞብኛል።»