በሬ መራጩና የልጁ ኮምፒዩተር

በሬ እየመረጠ ለሰው የሚያስገዛ አንድ ሰው ነበረ። ስለ ኮምፒዩተር ጠይቀኸኝ በበሬ ብጀምርልህ አትደነቅ፤ ታግሠህ ስማ።

ይህ ሰው ደላላ አልነበረም። ደላላ ከሻጭም ከገዥም ይቀበላል፤ እርሱ ግን ከገዥው በቀር የማንንም እጅ አያይም ነበርና ይታመን ነበር። በማክሰኞ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ ሁሉ አስቀድሞ እርሱን ይፈልጋል። ሻጮች በሬያቸውን ለገበያ የሚያበቁበት ብልሃት ብዙ ነው። ሆዱ ተነፍቶ የጠገበ እንዲመስል ጨው ያስልሱትና ውኃ ያጠጡታል፤ እንዲያብረቀርቅም ቀንዱን ቅቤ ይቀቡታል። እርሱ ይህን ሁሉ አልፎ ያያል። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ይመለከታል፣ ሻኛውን ይዳስሳል፣ እግሩን አንሥቶ ሰኮናውን ይመረምራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የማይተወው አንድ ልማድ ነበረው። ገዥው በሬውን ሊያሳየው እጁን ሲዘረጋ፣ እርሱ ጀርባውን ለበሬው ሰጥቶ ይቆምና «መሬትህ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥቁር መረሬ ነው ወይስ ድንጋያማ ጭንጫ? ሜዳ ነው ወይስ ተዳፋት? ገዥው ቸኩሎ «እባክዎ መጀመሪያ በሬውን ይዩልኝ» ቢለው እንኳ ፊቱን አይመልስም። «መሬቱን ሳላውቅ በሬውን ካየሁት ዐይኔ በከንቱ ይወደዋል» ይል ነበር። ለትንሽ የጭንጫ ማሳ ግዙፍ በሬ ገዝቶ፣ ሥራው ሳያልቅ ድርቆሹ ያለቀበትን ሰው ብዙ አይቷልና።

ይህ ሰው ከረጅም ዘመን ጥበቃ በኋላ የተወለደችለት አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ስሟም ብርቄ ይባል ነበር። ሕፃን ሳለች ከበቅሎው ኮርቻ ፊት አስቀምጧት ገበያ ይወርድ ነበር፤ የበሬዎቹን መልክ እየጠራ ሲያስተምራትም ዳልቻውን ከወይኖው ሳትሳሳት ትለይ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ግን ገበያውን ተወችው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ በመናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ጌም ቤት ትገባለች፤ ወደ ቤቷም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትመለሳለች። አባቷ አንድ ጊዜ ተቆጣት፣ ሁለተኛ ጊዜ ተቆጣት፣ በሦስተኛው ከጌም ቤቱ ደጅ ቆሞ በልጆች ፊት ጮኸባት። ከዚያ ቀን ወዲህ ብርቄ ለአባቷ «እሺ» እና «አይ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበራትም። በማዕድ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሳሉ እንኳ ለእርሱ ሩቅ አገር ያለች ትመስለው ነበር።

አንድ ቀን በሬ ያስገዛው ገበሬ ሲመርቀው ቆይቶ፣ «ለልጄ የጨዋታ ኮምፒዩተር ገዛሁለት፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ከቤት ንቅንቅ አይልም» ብሎ አጫወተው። ሰውየው ይህን ሲሰማ በልቡ መድኃኒቱን ያገኘ መሰለው። ማታ ለሚስቱ በቅሎውን ሸጦ፣ ያጠራቀመውን ጨምሮ ለብርቄ ከሁሉ የሚበልጠውን ኮምፒዩተር ሊገዛ መቍረጡን ነገራት።

«ታዲያ ገበያ በምን ልትሄድ ነው?» አለችው ሚስቱ። «በዚያ በሚያምህ ጉልበትህ! ኮምፒዩተሩን ኮርቻ ጭነህ ልትቀመጥበት ነው?»

«ልጄን ወደ ቤቴ ከመለሰልኝ በእግሬም እሄዳለሁ።»

«እሷንስ ጠየቅሃት?»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አላት። በእርሱ ቤት አባት ይሰጣል፣ ልጅ ጕልበት ስሞ ይቀበላል እንጂ፣ ምን ልስጥሽ ብሎ መጠየቅ የተለመደ አልነበረም። ሚስቱም ትከሻዋን ነቅንቃ ተወችው።

በማግስቱ ወደ ትልቁ ከተማ ወጣ፤ ኮምፒዩተር የሚሸጥበት መደብርም ገባ። ሻጩ ደስ የሚል ወጣት ነበር፤ አባባ እያለ ወንበር አቀረበለት። ከመደብሩ መካከል አንድ ኮምፒዩተር ተቀምጧል፤ ጎኑ መስተዋት ነው፣ በውስጡም ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መብራት እየተፈራረቀ ይዞራል። ሰውየው እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ብርቄ ይህን ስታይ ፊቷ እንዴት እንደሚሆን አሰበ፤ በአሳቡም «አባዬ!» ብላ ስትጮህ ሰማት። የዋጋው ብዛት ሲነገረው በቅሎውና ያጠራቀመው ገንዘብ ተደምረው እንደ ምንም ይደርሱበት ነበር። ቀብድ ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«አባባ፣ ዐይንዎን ጨፍነው ይውሰዱት» አለው ሻጩ። «ይሄ የማይችለው ጨዋታ የለም። ለማንኛውም ይሆናል።»

የሰውየው እጅ ኪሱ ውስጥ ቀረ። በኖረበት ዘመን ሁሉ «ይህ በሬ ለማንኛውም መሬት ይሆናል» ያለውን ሻጭ አምኖ አያውቅም። ስለዚህ ሳያስበው፣ እንደ ልማዱ፣ ጀርባውን ለኮምፒዩተሩ ሰጥቶ ቆመ። መሬቱ ምን ዓይነት ነው? ብሎም ራሱን ጠየቀ። ልጁ የምትጫወተው ጨዋታ ምንድን ነው? ስሙ ማን ይባላል? ከማን ጋር ትጫወተዋለች? ምኑስ ያስደስታታል? ዓመት ሙሉ በተቆጣበት ነገር ላይ አንዲት መልስ አጣ። የሰውን ሁሉ ማሳ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የገዛ ልጁን ሳይጠይቅ ገበያ ወጥቶ ነበር።

«ዋጋው ከበደዎት አባባ? እንነጋገራለን እኮ።»

«ዋጋው አይደለም። የምትጫወተውን አላውቀውም።»

ሻጩ ሳቀ። «ታዲያ ይጠይቋታ!» አለው፤ ነገሩን ቀላል አድርጎ። ለሰውየው ግን ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ይልቅ ይህች ቃል ከበደችው።

ከከተማ ሲመለስ ወደ ቤቱ አልገባም። ከመናኸሪያው በቀጥታ ወደዚያ ጌም ቤት ሄደና ጎንበስ ብሎ በቆርቆሮው በር ገባ። ልጆቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። አንዱ «ዛሬስ አለቀላት!» ሲል ሰማው። ብርቄ ጎትቶ የሚያወጣት መስሏት ደብተሯን ሰብስባ ተነሥታ ቆመች።

«ተቀመጪ» አላት። «ልወስድሽ አልመጣሁም። የምትጫወቺውን አሳዪኝ።»

ልጅቱ አላመነችውም። የተናገረውን ደግሞ ሲነግራት ግን ከአግዳሚው ወንበር ላይ ቦታ ለቀቀችለት፤ ጆይስቲክ የሚሉትን፣ በሁለት እጅ የሚያዘውን መጫወቻም አስያዘችው። ጨዋታው ሁለት መንገደኞች ገደል ለገደል የሚጓዙበት ነው። አንደኛው ገመድ ሲይዝ ሌላው ይሻገራል፤ ከዚያም የተሻገረው ለቀረው ይይዝለታል። ብርቄ ተሻገረችና ገመዱን ያዘችለት። የበሬ ሻኛ ዳስሶ ዕድሜ የሚናገረው አውራ ጣት ግን የቱን እንደሚጫን ጠፋው።

«አባባ ሞቱ!» ብለው ጮኹ ልጆቹ።

ሰውየው ደንግጦ ብድግ አለ። «ማን ነው የሞተው?»

«እርስዎ ነዎታ! ገደል ገቡ እኮ!»

ተቀምጦ ደገመው፤ ደግሞ ገደል ገባ። «አሁንም ሞቱ!» አሉት፤ ከኋላ የቆመው ትንሽ ልጅም «ነፍስ ይማር» ብሎ አከለበት። ያን ጊዜ ብርቄ ሳቀች። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ይህን ሳቅ ከሰማው ዓመት አልፎት ነበር። ከዚያም ልክ እንደ ታላቅ ሰው ጀርባውን መታ መታ አድርጋ፣ «አይዞህ አባዬ፣ እንደገና ትነሣለህ» አለችው።

ስድስት ጊዜ ሞቶ በሰባተኛው ተሻገረ። ልጆቹም አጨበጨቡለት።

ወደ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ጠየቃት። «ይህን ጨዋታ ለመጫወት ምን ዓይነት ኮምፒዩተር ይበቃል?»

ብርቄ መንገድ ላይ ቆመች። ደብተሯን አወጣች፤ ከመጨረሻው ገጽም በጥንቃቄ የተጻፈ ነገር አሳየችው። ጨዋታው ብዙ አይፈልግም። የጌም ቤቱ ባለቤት እንደ ነገራት፣ ቢሮዎች ተጠቅመው የሚሸጡት ኮምፒዩተር ይበቃዋል፤ እንዳይጨናነቅ ማስታወሻው፣ ራም የሚሉት፣ ይጨመርለት፣ ሥዕሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ መካከለኛ ይሁን፣ ያን ካርድ የሚችል ኃይል ሰጪም ይኑረው። የሚያበራ ሣጥን ከወረቀቱ ላይ አልነበረም። ዋጋውም አባቷ ካጠራቀመው ገንዘብ ግማሹን አይሞላም ነበር።

«ይህን የጻፍሽው መቼ ነው?»

«ክረምት ላይ።»

«ታዲያ ለምን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?»

«አልጠየቅኸኝማ!» አለች፤ ድምፅዋም ወረደ። «ደግሞ ስትቆጣኝ ጊዜ የጠላኸኝ መሰለኝ።»

ሰውየው እጁን ዘርግቶ ቦርሳዋን ተቀበላትና እስከ ቤት ድረስ ራሱ ተሸከመላት።

በሳምንቱ አባትና ልጅ አብረው ወደ ከተማ ወጡ። ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ጎኑ የተጫረ፣ መልኩ የማይማርክ አንድ ጥቁር ኮምፒዩተር አገኙ። ብርቄ ክዳኑን አስከፍታ እያንዳንዱን ከወረቀቷ ጋር አመሳከረች፤ ራሙንና ካርዱን አስጨመረች። ከዚያም ሳይከፈል አስነሥታ የራሷን ጨዋታ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወተችበት፤ መጋሉን ለማወቅም በየጊዜው መዳፏን ከጎኑ ላይ ታሳርፍ ነበር። ሻጩ መታገሥ ቢያቅተው አባቷ፣ «ተዋት፤ ቀንበር ሳይሞከር በሬ አይገዛም» አለው። በልቡም ይህች ልጅ ገበያውን አልረሳችውም አለ።

ከኮምፒዩተሩ ጋር ጆይስቲክ ሲያዝዙ ሻጩ «አንድ ይበቃል?» አለ። ብርቄ «ሁለት» አለችው።

«ሁለተኛው ለማን ነው?» አላት አባቷ። ታላቅም ታናሽም የላትምና።

ልጅቱ በጣም ተገርማ አየችው። «ለአንተ ነዋ! ገመዱን ማን ሊይዝልኝ ነው?»

ሰውየው ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰና አቧራ እንደ ገባበት ሰው ዐይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሥርዓቱ አልላላም፤ ትምህርት ሳይጠና ኮምፒዩተሩ አይነሣም ነበር። ብርቄም ጌም ቤቱን ፈጽማ አልተወችውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓደኞቿን ለማየት ትሄዳለች። በሌላው ቀን ግን አባቷ ከገበያ ሲመለስ በር ላይ ትጠብቀዋለች፤ ጫማውን እስኪያወልቅም አትታገሠውም። እርሱም እስከ ዛሬ ገደል ይገባል።

እንግዲህ ወደ አንተ ልመለስ። «ደመወዜ ትንሽ ነው፤ ለልጄ የትኛውን የጨዋታ ኮምፒዩተር ልግዛለት?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ከእኔ በፊት ባለ መደብሩን፣ የሥራ ባልደረባህንና የሚስትህን ወንድም መጠየቅህን ነገርኸኝ። አራታችንን የማናርሰውን ማሳ ጠየቅኸን። ልጅህ የሚወደው ጨዋታ መሬቱ ነው፤ ኮምፒዩተሩ በሬው ነው፤ በመደብሩ ውስጥ የሚዞረው መብራት ቀንድ ላይ የተቀባ ቅቤ ነው። መሬቱን ያወቀ አባት በሬውን በጥቂት ገንዘብ ያገኛል፤ መሬቱን ያላወቀ ግን በቅሎውን ሸጦም አያገኘውም። ገንዘብህ ማነሱ አያሳፍርህም። የሚያሳፍርህ፣ ልጅህ በምን ደስ እንደሚለው ከባለ መደብር ለመስማት መሄድህ ነው።

ስለዚህ የኮምፒዩተሩን ዓይነት አልነግርህም። የሚነግርህ ልጅህ ነው፤ ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከአጠገቡ ተቀመጥና አሳየኝ በለው። ስትሳሳት ይስቅብህ፤ አትቆጣ። በል አሁን ተነሥ፣ ሰዓቱ ደርሷል፤ ልጅህ ቀድሞህ ቤት እንዳይገባ።