የካፒቴኑ ጢም

ከብዙ ዘመን በፊት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ወዳለች አንዲት የወደብ ከተማ አንድ የጦር መርከብ መጣ። ካፒቴኑ መርከበኞች ስላነሱት ወታደሮቹ መንገድ ላይ ያገኙትን ወንድ ሁሉ ማፈስ ጀመሩ። አንዳንዱ በርሜል ውስጥ ተደበቀ፤ አንዳንዱ የሚስቱን ቀሚስ ለብሶ አመለጠ። በመጨረሻ የቀረው አንድ ምላሰኛ ፀጉር ቆራጭ ብቻ ነበር። እሱንም ያልነኩት ካፒቴኑ ጢሙን እስኪላጭ ድረስ ነው።

ካፒቴኑ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ፣ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ «ስትጨርስ ዕቃህን ሸክፍ» አለው። «ከዛሬ ጀምሮ መርከቤ ላይ ነህ። በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ትላጨኛለህ።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ሚስትና አራት ልጆች አሉኝ!»

«እኔ ደግሞ ጢም አለኝ» አለ ካፒቴኑ። በር ላይ የቆሙት ወታደሮች በሳቅ ፈነዱ።

ፀጉር ቆራጩ ምላጩን ካፒቴኑ ጉሮሮ ላይ አሳርፎ ትንሽ አሰበ።

«እሺ ጌታዬ፣ እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር አስቀድመን እንነጋገር። ባሕሩ ሲናወጥ እጄ መሳቱ አይቀርም። ልጆቼ ትዝ ሲሉኝም እንደዚሁ ይስታል። የትኛው ስህተት የባሕሩ፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ሰው መርከቡ ላይ ይኖር ይሆን? ከእርስዎ ሌላ ማለቴ ነው፤ እርስዎማ ያን ጊዜ መናገር አይችሉም።»

ካፒቴኑ ምራቁን ሊውጥ ፈለገና ተወው።

«እንዲያውም» አለ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፣ «ጢሜን ላሳድግ አስቤያለሁ።»