የምድር ቤቱ መጸዳጃ ስንት ፈጀ?

አንዲት እናት ነበሩ። ቤታቸው ፎቅ ነው። ላዩ መኝታ ነው፤ ታቹ ሳሎንና ማዕድ ቤት። መጸዳጃ ቤቱ ያለው ላይ ነው፤ እሱም አንድ ብቻ። ድሮ ጓሮ የነበረው የሽንት ቤት ጉድጓድ ፎቁ ሲሠራ ተደፍኖ የግቢው አጥር አልፎበታል። ያኔ ባልና ሚስቱ ጉልበት ነበራቸው፤ ልጆቹም ደረጃውን እየዘለሉ ነበር የሚወጡት። "ታችስ?" ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ከመካከላችን ቤት ሲሠራ የጉልበት ሕመምን አስቦ የሠራ አለ? የለም። ሁላችንም ዕድሜያችን ባለበት የሚቆም እየመሰለን ነው የምንሠራው።

እኚህ እናት ወይዘሮ አስካለች ይባላሉ። ባለቤታቸው አቶ ሃንዲሶ ጡረታ የወጡ ሳኒቴሪያን ናቸው። ያው ሳኒቴሪያን ማለት በየገጠሩ እየዞረ "ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ክዳን አብጁለት፣ ስትወጡ እጃችሁን ታጠቡ" እያለ የሚያስተምር የጤና ሠራተኛ ነው። በሆሳዕና ዙሪያ እሳቸው ያላስቆፈሩት ሽንት ቤት የለም ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው፣ "ጋሼ ሃንዲሶ፣ ያ ያስቆፈሩን ጉድጓድ እስካሁን አለ እኮ!" ይላቸዋል። እሳቸውም ሹመት የተሰጣቸው ያህል ደስ ይላቸዋል።

እኚህ ሰው ታዲያ ከባጃጅ ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። (ባጃጅ ሲቆም ጠብቃችሁ ውረዱ፣ አደራ። ሾፌሩ ይቸኩላል፤ እናንተ አትቸኩሉ።) ተጠገነ፣ ዳነ፣ ጌታ ይመስገን። ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ጠዋት ሚስታቸው በአንድ በኩል፣ ምርኩዛቸው በሌላ በኩል ደግፈዋቸው ይወርዳሉ። ማታም እንደዚያው ይወጣሉ። በመካከል መውጣትና መውረድ የለም። ላይ ቤት እንዳይውሉ ደግሞ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ካላሉ የታሰሩ ያህል ይሆናሉ።

ልጃቸው ምሕረት ይህን አየችና አንድ ቀን ማርቆስ የሚባል ግንበኛ ይዛ መጣች። ማርቆስ ሜትሩን እየዘረጋ ታቹን ሁሉ ዞረና እንዲህ አለ፦

"ከደረጃው ሥር አይሆንም። ጋሼ ረጅም ናቸው፤ እዚያ ከገቡ ቀና ሊሉ አይችሉም። በማዕድ ቤት በኩል ደግሞ ፍሳሹ ሽቅብ አይሄድልኝም። የላዩ መጸዳጃ ፍሳሽ የሚገባበት ጉድጓድ ያለው በዚህ ወገን ስለሆነ፣ የሚሆነው ቦታ ይሄ ነው።"

ጣቱን ወደ ሳሎኑ ቀሰረ። ቡፌው ወደ ቆመበት ጥግ።

ስለዚህ ሳሎን ልንገራችሁ። ታውቁታላችሁ፤ እናንተም ቤት አለ። ሶፋው በዳንቴል የተሸፈነ፣ ወለሉ የሚያበራ፣ ልጅ የማይገባበት፣ የቤቱ ሰው ራሱ ጫማውን አውልቆ በጣቱ የሚረግጠው ሳሎን። ሐሙስ ሐሙስ የሴቶች የጸሎት ኅብረት የሚሰበሰበውም እዚያው ነው። ወይዘሮ አስካለች ከቤታቸው ሁሉ የሚወዱት እሱን ነው።

"ሳሎኔ ውስጥ?" አሉ።

"ትንሽ ብቻ ነው የሚቆረሰው፣ እማማ።"

"ትንሽ ትላለህ? ቡፌዬስ? እንግዳ እየበላ አጠገቡ ውኃ ሲለቀቅ ሊሰማ ነው?"

"እማማ፣ እንግዳም እኮ ሽንት ቤት ይሄዳል።"

"የኔ እንግዳ ቤቱ ሲደርስ ይሄዳል!"

ማርቆስ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ዋጋውን ነገራቸው። ሲሚንቶው፣ ቱቦው፣ ሴራሚኩ፣ መቀመጫው፣ የእጅ መታጠቢያው፣ ወለል ማፍረሱ፣ መልሶ መድፈኑ። ለአዲስ ሶፋ ብለው ያስቀመጡት ብር ግማሹንም አይሸፍንም። ወይዘሮ አስካለች ደረታቸውን ያዙ። "በዚህ ብር እኮ ሰው ጎጆ ይቀልሳል! ለአንዲት ጠባብ ክፍል?"

አቶ ሃንዲሶ ከበረንዳው ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። "ተዪው፣ ምሕረት" አሉ። "እናትሽን አታስጨንቂያት። እኔ ምን ሆንኩ?"

ግንበኛው ሜትሩን ሰብስቦ ሄደ። ነገሩም በዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ሃንዲሶ ጾም ያዙ።

ጠዋት ሻዩ ሲቀርብላቸው ብርጭቆውን ገፋ ያደርጉታል። "ጾም ነኝ።"

"ከሻይ ነው?"

"ከሻይም ከውኃም። ማታ እፈታለሁ።"

"ለምን ጉዳይ ያዝከው፣ የምሕረት አባት?"

"ለቤቱ" ይላሉ። ሌላ አይጨምሩም።

ወይዘሮ አስካለች ደስታቸውን አልቻሉትም። ምክንያቱም አቶ ሃንዲሶ ደግ አማኝ ይሁኑ እንጂ ጾም ላይ ብርቱ አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያን የጾም ጸሎት ሲታወጅ ምሳ ሰዓት ላይ "ቤት የረሳሁት ነገር አለ" ብለው የሚጠፉ ሰው ነበሩ። አሁን ግን ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ጾሙ አልተፈታም። ሐሙስ ዕለት ወይዘሮ አስካለች ለእህቶች ተናገሩ። "የኔ ባለቤት የጸሎት ሰው ሆኗል። ከስብራቱ በኋላ ጌታ ጎበኘው።"

"ታድለሽ!" አለች አንዷ። "የኔው ምሳ ትንሽ ከዘገየ ድስቱን ከፍቶ ነው የሚያፈጥበት።"

ሳቁ፤ ከዚያም ተነሥተው ስለ አቶ ሃንዲሶ ጾም ጌታን አመሰገኑ። በሩ ክፍት ነበር። አቶ ሃንዲሶ በረንዳው ላይ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ስለ እሳቸው የሚቀርበውን ምስጋና ይሰሙ ነበር። ምን እንዳሰቡ እሳቸው ያውቃሉ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ብርድ ብርድ አላቸው። ተንቀጠቀጡ። ቃላቸው ተምታታ። ምሕረት በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው፤ ግሉኮስ ተደረገላቸው፤ ትኩሳቱም በረድ አለ። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጠየቀቻቸው።

"አባቴ፣ ቀን ቀን ውኃ ይጠጣሉ?"

ወይዘሮ አስካለች ቀደም ብለው መለሱ። "ጾም ላይ ነው፣ ልጄ። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ።"

ሐኪሟ ደነገጠች። "ክረምቱ ከገባ? እማማ፣ ኩላሊታቸው እኮ ውኃ አጥቶ ነው እንዲህ የሆነው። አሁን ደርሰንበታል፣ ይድናሉ። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ግን ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።" ከዚያ ወደ አቶ ሃንዲሶ ዞረች። "አባቴ፣ ይህ ጾም መቼ ነው የሚያበቃው?"

አቶ ሃንዲሶ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ደረጃው ሲያጥር" አሉ።

ወይዘሮ አስካለች ወደ አልጋው ቀረብ አሉ።

"ምን ማለትህ ነው፣ የምሕረት አባት?"

"ጠጥቼስ ማን ያወጣኛል፣ አስካለ? አንቺ ወገብሽን ታመሻል። ስንቱን ሽንት ቤት ያስቆፈርኩ ሰው፣ በቀን ብርሃን ፖፖ ላይ ልቀመጥ?"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ሳሎንሽን ትወጂዋለሻ።"

እህቶቼ፣ ይህን ሲሉ እየወቀሱ አልነበረም። ቢወቅሷቸው ይሻል ነበር። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገሩት፤ ሰው "ሚስቴ ሥጋ አትወድም" እንደሚለው። ወይዘሮ አስካለች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። "ጾሙስ? ያ ሁሉ ጸሎት?" አሉ።

"ሲጠማኝ እጸልይ ነበር" አሉ አቶ ሃንዲሶ። "እሱ እንኳን እውነት ነው።"

ወይዘሮ አስካለች ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ስልክ ደወሉ። "ማርቆስ፣ ነገ ዶማህን ይዘህ ና።"

"እሺ እማማ፣ ግን ዋጋው ከዚያን ጊዜው ጨምሯል። ሲሚንቶ እንደሚያውቁት…"

"ዋጋው ገና አሁን ነው የገባኝ። አንተ ና ብቻ።"

የሶፋው ብር ሄደ። ቡፌው ተሸጠ። ምሕረትም የጎደለውን ሞላች። የሚያበራው ወለል ተቆፈረ፤ አቧራው እስከ መኝታ ቤት ወጣ። ወይዘሮ አስካለች ግን ሥራውን ለማርቆስ ትተው የሚቀመጡ ሴት አይደሉም።

"ይሄ ሴራሚክ አያዳልጥም? ውኃ አፍስስበትና እስቲ ልርገጠው።"

"የማያዳልጠውን ነው የገዛነው፣ እማማ።"

"አፍስስ አልኩህ። በሩ ደግሞ ወደ ውጭ ይከፈት። ውስጥ ወድቆ በሩን ቢዘጋውስ?"

የእጅ መያዣው ብረት ሲገጠም በሁለት እጃቸው ይዘው በሙሉ ክብደታቸው ተንጠለጠሉበት። ማርቆስ ጮኸ። "እማማ፣ ግድግዳውን ሊጥሉት ነው!"

"አሁን ይውደቅ! እሱ ይዞት ከሚወድቅ!"

አልወደቀም። ደህና ነው የተሠራው።

አቶ ሃንዲሶ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙና እንደ ድሮው መመርመር ጀመሩ። "የአየር መውጫው የታለ? አሃ፣ አየሁት። ሳሙናስ?" ከዚያ ብቻቸውን ገቡ። በሩን ዘጉ።

"እንዳትቆልፈው!" አሉ ወይዘሮ አስካለች ከውጭ።

"ሴትዮ፣ ኧረ ዘወር በይልኝ!"

ምሕረት ሳቀች። እናትየው ግን አልሳቁም፤ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆሙ። ውኃው ሲለቀቅ ተሰማ። ያ እንግዳ እንዳይሰማው የፈሩት ድምፅ። "ተመስገን!" አሉ ጮክ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

አቶ ሃንዲሶ ወጡና ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "አስካለ፣ እስቲ ውኃ ስጪኝ።" ጠጡ። "ድገሚኝ።" ደገሟቸው። ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች፤ እሳቸውም ማታን አልጠበቁም።

ሐሙስ ደረሰ። ሳሎኑ ጠቧል፤ እህቶች ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ። ወይዘሮ አስካለች አፍረው፣ "ይቅርታ፣ እንግዲህ ቤቴ እንዲህ ሆነ" አሉ። ጸሎቱ ተጀመረ። ሁልጊዜ ጸሎቱ ሳያልቅ በመካከል ተነሥተው የሚሄዱ እትዬ ጌጤ የሚባሉ አሮጊት አሉ። ባለ ሱቅ ስለሆኑ ሥራ ያስቸኩላቸዋል ነበር የሚባለው። የዚያን ቀን ወደዚያች አዲስ ክፍል ገባ ብለው ተመለሱና እስከ መጨረሻው ቆዩ።

"ዛሬስ ሱቁን ለማን ተውሽው?" አሉ ወይዘሮ አስካለች።

"ወይ አስካለች! ወደ ሱቅ የምሮጥ መስሎሽ ነበር?" አሉ እትዬ ጌጤ። "ስኳር እንዳለብኝ አታውቂም? ደረጃሽን ደግሞ አልችለው። እኔስ የምሮጠው ወደ ገዛ ሽንት ቤቴ ነበር!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሌላዋም እጇን አወጣች፤ "እኔም ሐሙስ ሐሙስ ከጠዋት ጀምሬ ሻይ አልቀምስም ነበር" አለች። የዚያን ዕለት ምስጋናው አላልቅ አለ። አንዷ ስለ ማርቆስ እጅ አመሰገነች። አንዷ ስለ ሐኪሟ። እትዬ ጌጤ ስለ ቱቦው አመሰገኑ፤ ማንም አልሳቀባቸውም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ያ መጸዳጃ ቤት ስንት ፈጀ?

ሶፋውን ፈጀ። ቡፌውን ፈጀ። ከሳሎኑም ጥግ ቆረሰ። ይህ ዋጋ ይታያል፤ ማርቆስ ደምሮ ሊነግረን ይችላል። ግን ከመሠራቱ በፊትስ? ሳይሠራ በቆየበት ጊዜ ሁሉ በነጻ ነበር? ያልሠራነው ነገር፣ ያልገዛነው ነገር፣ "ይቆይ" ያልነው ነገር ብር ያተረፈልን ይመስለናል። አላተረፈልንም። ሌላ ሰው እየከፈለልን ነው። በረንዳ ላይ የተቀመጡት አባት በኩላሊታቸው ይከፍሉ ነበር። እትዬ ጌጤ በግማሽ ጸሎት ይከፍሉ ነበር። ሁለቱም ፈገግ እያሉ ነበር የሚከፍሉት።

እናንተ ቤት የሚከፍለው ማን ነው?

"ሥጋ ተውኩ" የሚሉ አማት አሉ? ጥርሳቸውን አይታችኋል? "ማታ ስብሰባ አልወድም" የሚል አባት አለ? ዓይኑ በጨለማ መንገዱን እንደሚያየው እርግጠኛ ናችሁ? "የልጅ ልጆቼን ማቀፍ አቃተኝ፣ ልቤ ደከመ" የምትል እናት አለች? ክንዷን ነካ አድርጋችሁ ታውቃላችሁ? ስንቱን ሕመም ጠባይ ነው ብለን አለፍነው! ስንቱን ችግር መንፈሳዊነት ነው ብለን አጨበጨብንለት! እኔ እፈራለሁ፣ እውነቴን ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ።

ግን ለፍርሃት ብዬ አይደለም ይህን የነገርኳችሁ። ለምስጋና ነው። አቶ ሃንዲሶ ዛሬ አሉ። ውኃ ይጠጣሉ። ጌታ ጊዜ ሰጠ፤ ሐኪሟ በሰዓቱ ደረሰች፤ ወይዘሮ አስካለችም የሚወዱትን ነገር ለማፍረስ እጃቸው አልታሰረም። እናንተም ጊዜ አላችሁ። ያ ሰው እስካሁን ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ስትገቡ በሩ ላይ ይቀበላችኋል።

ስለዚህ ዛሬ ስትመለሱ "ደህና ዋሉ?" ብላችሁ አትለፉ። እሳቸው "ተመስገን" ይሏችኋል፤ እናንተም ወደ ሥራችሁ ትሄዳላችሁ። ይልቅ ተቀመጡ። ሲነሡ እዩ። ሲራመዱ ከኋላቸው ሂዱ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ። የት ላይ እንደሚቆሙ፣ ምን እንደሚይዙ፣ ምን እንደሚተዉ እዩ። ከዚያ የሚፈርሰውን አፍርሱ፤ ሳሎንም ቢሆን።

ይህን የምታደርጉበት ጉልበትና ይህን የምታደርጉላቸው ሰዎች ዛሬም ስላሏችሁ፣ ጌታ ይመስገን።