ለከተራ የተሰፋው ቀሚስ

ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ውስጥ፣ ሰው እየተከዘ የሚጥለው አንድ ተረት አለ። አንዲት እናት ከራሷ ቀንሳ ለልጇ ስትሰጥ ያዩ እንደሆነ፣ ራሳቸውን ነቅነቅ፣ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ይሉታል። ኧረ ተዉ እናንተ! ያ ተረት ከንፈር ሊመጠጥበት አልተፈጠረም። የተባለ ቀን ሳቅ ነበር፣ እልልታ ነበር፣ ታቦት ወጥቶ ደወል እየተደወለ ነበር። መነሻውን የማያውቅ ሰው ተረት እንዲህ ያበላሻል። ስለዚህ ነገሩ ከሥሩ ይነገር።

ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። ለገበያ ሰፍታ ስለማታውቅ ልብስ ሰፊ አትባልም፤ ነገር ግን የራሷንና የሁለት ሴት ልጆቿን ልብስ ከእሷ ሌላ ሰው ሰፍቶት አያውቅም። ከእናቷ የወረሰቻት፣ በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና ነበረቻት። ከበሩ ኋላ ደግሞ ምስማር ላይ የወረቀት ቅድ ተንጠልጥሏል። ሲሚንቶ የመጣበትን ወረቀት አራግፋ፣ የጀርባውን፣ የደረቱን፣ የእጅጌውን ልክ ቆርጣ፣ በላዩ ላይ በከሰል “የፀዳለ”፣ “የብዙነሽ”፣ “የእኔ” ብላ ጽፋ የሰቀለችው ነው። ጨርቅ ሲገኝ ወረቀቱን አውርዶ፣ ጨርቁ ላይ አንጥፎ፣ ዙሪያውን በደረቅ ሳሙና አስምሮ መቅደድ ነው።

“ሜትር ምን ሊያደርግልኝ?” ትላለች። “ልኩ እንደሆነ ምስማሩ ላይ አለ።”

ጎረቤቱ በሙያዋ ይቀና ነበር። እሷም፣ እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ መቀናቱን አትጠላውም።

ታዲያ አንድ ዘመን ላይ ይርገዱ ሳንባዋን ታመመችና ሐኪም ቤት ተኛች። ትንሿ ብዙነሽ ጡት ከጣለች ገና መንፈቋ ነው፤ የጎረቤት አሮጊት እማማ ጌጤነሽ ወሰዷት። ሰባት ዓመት የሆናትን ፀዳለን ደግሞ የባሏ ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ አስካለ፣ አገራቸው መንዝ ይዘዋት ሄዱ። ወይዘሮ አስካለ ልጅ አልወለዱም። ይርገዱ እግዜር ምሯት ዳነች፤ ሐኪሙ ግን “መንዝ ብርድ ነው፣ እንዳትሞክሪው” አላት። እሷ አትሄድ፤ ልጅቷ አትመጣ። ዛሬ “ትንሽ ጠንክሪ”፣ ነገ “ክረምቱ ይውጣ”፣ ከነገ ወዲያ “ትምህርቷን ጀምራለች” ሲባል ሁለት ዓመት ሞላ። ልጇን ሳታይ ሁለት ዓመት!

በኅዳር ወር ወይዘሮ አስካለ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ሊሸጡ ደብረ ብርሃን መጡ። ብቻቸውን ነበሩ።

“ልጄስ?” አለች ይርገዱ፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ።

“ደህና ናት። አድጋለች፣ ጎብዛለች።” ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። “እኔ የምልሽ ይርገዱ፣ አንድ ዓመት ብትጨምሪልኝስ? ለምዳኛለች። አንቺንም እኮ እየረሳችሽ ነው።”

ይርገዱ ደሟ ፈላ። “እኔን? እኔን ትረሳለች? እትዬ፣ ልጅ እናቷን አትረሳም፤ እናትም ልጇን አትረሳም። እኔ የፀዳለን ልክ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ! ለጥምቀት ያምጡልኝ። እናትና ልጆች ሦስታችንም ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ቀሚስ ለብሰን ታቦት እንሸኛለን።”

“እንዲያ ከሆነ ልኳን በክር ቋጥሬ ልላክልሻ። ለቁመቷ አንድ ቋጠሮ፣ ለደረቷ አንድ ቋጠሮ።”

ይኼ የቆየ ልማድ ነው። ሩቅ ላለ ሰው ልብስ ሲሰፋ ልኩ በክር እየተቋጠረ ይላካል፤ ማንም አያፍርበትም። ይርገዱ ግን ነውር መሰላት።

“የገዛ ልጄን ልክ ከሰው በክር አልቀበልም!”

“ባይሆናትስ?”

“ባይሆናት አንድ ዓመት ምን አላት፣ እስክትዳር እርስዎ ዘንድ ትቀመጥ!”

እማማ ጌጤነሽ ጥግ ተቀምጠው ነበርና “አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዢ!” ብለው ጮኹ። ነገሩ ግን አምልጦ ነበር፤ ወይዘሮ አስካለ እጃቸውን ዘርግተዋል።

“እማማ ይመስክሩ። ለከተራ፣ ታቦት ሲወጣ፣ በልኳ ለብሳ ከታየች ያንቺ። ካልታየች የእኔ።”

እጅ ለእጅ ተማቱ። ልጅን ያህል ነገር እንደ ጠቦት ሲዋዋሉበት እማማ ጌጤነሽ ማየት አልቻሉም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወይዘሮ አስካለ ሲሄዱ ይርገዱ ምላሷን ብትነክሰው ደስ ባላት። “ወይኔ፣ ምን አልኩ? ምን ዓይነት አፍ ነው የሰጠኝ?” ስትል ከረመች። ወደ ኋላ ግን አልተመለሰችም፤ ክሩን ይላኩልኝ ማለት ሞቷ ነው። ገበያ ወርዳ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ አበባ ያለበት ፖፕሊን ገዛች። የጣቃው ማለቂያ ነበር፤ ነጋዴው ሱቁን ቢያስስ ከዚያ ጨርቅ መሐረብ የምታህል እንኳ አልቀረችውም።

ከዚያ “የፀዳለ” የሚለውን ወረቀት አውርዳ ፊቷ አነጠፈችው። ሁለት ዓመት አልፏል፤ ምን ያህል ታድግ ይሆን? አሰበች፣ አሰላሰለች። “ለአንድ ዓመት አንድ ጣት” ብላ በሁሉም በኩል ሁለት ጣት ጨመረች። ምን ታድርግ፣ ሐኪም ቤት በር ላይ ቀሚሷን ጨብጣ “አልሄድም” ያለችው ያቺ ትንሽ ልጅ ናት ዓይኗ ላይ ያለችው። ብዙነሽን አጠገቧ ስላለች አቁማ ለካቻት። የራሷን ግን “የእኔ” በሚለው ወረቀት ልክ ቀደደችው። ሰፍታ ስትጨርስም አልለበሰችውም። አዲስ ልብስ ከበዓሉ በፊት ገላ ላይ አይውልም፣ ገድ የለውም ባይ ነበረች። ሦስቱን ቀሚስ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችና ቀኑን መቁጠር ያዘች።

የከተራ ዕለት ማለዳ አዲሱን ቀሚሷን ከላይዋ ጣል አደረገች፤ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበርና በጋቢ ተጀቡና መኪና ተራ ሮጠች። ባሏ ፈለቀ ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ድንኳን ሊተክል ታቦት ማደሪያው ወርዷል። አራት ሰዓት ላይ የመንዙ አውቶቡስ ደረሰ። ወይዘሮ አስካለ ወረዱ። ከኋላቸው አንዲት ቀጭን፣ ረዘም ያለች ልጅ ወረደች። ይርገዱ ልጅቷን አልፋ ወደ በሩ አየች፤ ሌላ የሚወርድ ሕፃን የለም።

“ፀዳለስ?” አለች። “ፀዳለን የት አደረጓት?”

“ይቻትና!” አሉ ወይዘሮ አስካለ።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ “እማዬ” አለች። ድምፁ የፀዳለ ነው፤ ሌላው ሁሉ አዲስ ነው። ይርገዱ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ ግማሹ እንባ የደስታ፣ ግማሹ የድንጋጤ ነበር። ያቀፈቻት ልጅ ራስ ትከሻዋ ጋ ደርሷል። “አለቀልኝ” አለች በሆዷ።

እቤት ሲደርሱ እማማ ጌጤነሽ ምስክር ናቸውና ቀድመው ተሰይመዋል። ብዙነሽ ቀሚሷን ለብሳ ቤቱን እየዞረች ትሾራለች። ቀሚሱ ከሳጥን ወጣ፤ ፀዳለ እጆቿን ሽቅብ ሰቅላ ገባችበት። ትከሻዋ ላይ ያዘ። ሲጎትቱት ወረደ፤ ጉልበቷ ጋ ሳይደርስ ግን ቆመ። ይርገዱ የጀርባውን ቁልፎች መቆለፍ ጀመረች፤ የሚገርመው፣ አንድ በአንድ ተቆለፉላት።

“እንዴት ነው ልጄ?” አሉ እማማ ጌጤነሽ።

“ል... ልክ ነው” አለች ፀዳለ በቀጭን ድምፅ።

ይርገዱ ዞራ ፊቷን አየች። ልጅቷ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ቆማለች። ቀላች፤ ከዚያ ጠቆረች። በመጨረሻ መተንፈስ አይቀርምና ተነፈሰች፤ ብብቷ ሥር ያለው ስፌት ጥርርር ብሎ ተረተረ።

“ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል” አሉ ወይዘሮ አስካለ። “ይኸው መበጣጠሱን በራሱ ጀመረ።”

ፀዳለ የተቀደደውን በእጇ ደብቃ ማልቀስ ጀመረች። “ይሆነኛል! እትዬ፣ ይሆነኛል! ምሳ ካልበላሁ ይሆነኛል!”

ይኼኔ ነው ይርገዱ የገባት። ልጅቷ የውሉን ነገር መንገድ ላይ ሰምታ ኖሯል። ትንፋሿን የያዘችው እናቷ ዘንድ ለመቅረት ነው። ለካ አልረሳቻትም። ይርገዱ ደስ ቢላትም ጨርቅ ግን ከየት ይምጣ? ጣቃው አልቋል። ስምንት ሰዓት ላይ ታቦት ይወጣል። ልጇን ልታቅፍ እጆቿን ስትዘረጋ ጋቢው ከትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ።

“እማዬ ጠፋች!” ብላ ብዙነሽ ሳቀች። “እማዬ ቀሚሷ ውስጥ ጠፋች!”

ሁሉም ዞረው አዩ። እውነትም ቀሚሱ ይርገዱ ላይ እንደ ድንኳን ተንጠልጥሏል። ጎኑ በሁለት በኩል ስንዝር ስንዝር ይተርፋል፤ ጠርዙ መሬት ይጠርጋል። የሲሚንቶ ወረቀቱ የሚያውቀው ከሕመሙ በፊት የነበረችውን፣ ሞላ ያለችውን ይርገዱን ነበር። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ በመስተዋት ራሷን አላየችም።

ወይዘሮ አስካለ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። “ይኼን ያህል ነው የከሳሽው? እኔ እኮ... ድኛለሁ ስትዪ ደህና መስለሽኝ።”

ይርገዱ ግን አልሰማቻቸውም። ቁልቁል ቀሚሷን አየች፤ ቀና ብላ ልጇን አየች፤ ሳቋ አመለጣት። ጓዳ ገብታ አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ፣ አዲሱን በእጇ፣ መቀሱን በሌላው እጇ ይዛ ወጣች።

“ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ አላሉም እትዬ? ይበጣጠሳ!” አለችና ከጠርዙ ላይ ቸርርር አድርጋ ቀደደችው።

“ኧረ ይኼ ከውላችን ውጪ ነው!” አሉ ወይዘሮ አስካለ።

“ምን ሲደረግ!” እማማ ጌጤነሽ ከመቀመጫቸው ተነሡ። “የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ታቦት ሲወጣ ነው የተባለው፤ ከአውቶቡስ ስትወርድ አልተባለም። ደወሉ ገና ነው። ይልቅስ እሷ ጨርቁን በሁለት እጇ ትምራው፣ አንቺ መኪናዋን አዙሪላት።”

ወይዘሮ አስካለ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ፀዳለ በእንባ የራሰ ዓይኗን ጥላባቸዋለች። እሳቸውም ነጠላቸውን አደግድገው መኪናዋ አጠገብ ተንበረከኩና እጀታውን ጨበጡ።

ይርገዱ ወረቀት የሚባል ነገር አልነካችም። ልጇን አቁማ፣ ትከሻዋን፣ ደረቷን፣ ቁመቷን በክር ለካች። የልጇን ቀሚስ ስፌት ከእጅጌ እስከ ጠርዝ ፈታች፤ ከራሷ ቀሚስ ጎን የወጣውን በፀዳለ ቀሚስ ጎን፣ ከጠርዟ የወጣውን በጠርዙ ቀጠለች። አበባው ከአበባው ገጠመ። ወይዘሮ አስካለ ያዞራሉ፣ ይርገዱ ትመራለች፤ አንዷ “ቀስ!” ስትል ሌላዋ “እሺ!” ትላለች። መሐል ላይ ክር ሲበጠስ ሁለቱም እኩል “በስመ አብ!” አሉና ተያይተው ሳቁ። በዚያው የቀረውን የራሷን ቀሚስ ጎን ገጥማ ሰፋችው።

ደወሉ ሲደወል ፀዳለ ለበሰችው። እማማ ጌጤነሽ “እስኪ ተንፍሺ” አሏት። ልጅቷ ደረቷን ነፍታ ተነፈሰች፤ ደግማ ተነፈሰች። ቀሚሱ ምንም አላለም። የይርገዱም ከገላዋ ጋር ልክ ሆኖ ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ያን ጊዜ ተነሣላትና “እፎይ! እፎይ አምላኬ!” እያለች መደቡ ላይ ዘጭ አለች።

“ያንቺ ናት” አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። “ድሮም ያንቺ ናት። እኔ ባዶ ቤት መግባት ፈርቼ ነው።”

“ባዶ ቤት አይገቡም እትዬ። ትምህርት ሲዘጋ እኔው ራሴ አመጣታለሁ፤ ብርዱም የፈለገውን ያምጣ።”

ፀዳለ እናቷንና አክስቷን በአንድ እጅ በአንድ እጅ ይዛ ወጣች። መንገዱ ላይ ታቦቱ በጥላና በእልልታ ታጅቦ እየመጣ ነው። የሰፈሩ ሴቶች ሦስቱን ቀሚስ አይተው ተንጫጩ፤ አንዷ ቀረብ ብላ “ያ ጨርቅ ማለቂያው ነበር አላላችሁም እንዴ? ለዚህች ለረዥሟ ከየት ተገኘላት?” ብላ ጠየቀች። እማማ ጌጤነሽ እልልታቸውን አቅልጠው ሲያበቁ፣ እየሳቁ መለሱላት፦ “ከየት ይገኛል ብለሽ ነው፣ ከእናት የተቀነሰ ለልጅ ደረሰ!”